ከጆጉ ሥር ያለው ሰባ ሰባት

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ የምትነግደው ባሕሪያ፣ «ይሄ የጣልያን ነው» ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ! ከጎንደር እስከ ከሰላ ደህና ዕቃ ያለው ሁሉ የጣልያን ነው ይላል። እሷ ግን ዕቃውን ገልብጣ፣ የሚያብለጨልጨው ልባስ ያልደረሰበትን ሥሩን በረጠበ ጣቷ ትነካዋለች። የጣልያን ሸክላ ርጥበቱን ምጥጥ ያደርገዋል፤ የቻይናው እንደ ጥርስ ነው፣ አይጠጣም። ቀጥላ በሥዕሉ ላይ ጥፍሯን ታስኬዳለች፤ የእጅ ሥራ ከሆነ ቀለሙ ወፈር ሳሳ ይላል። ከንፈሩ የተሸረፈ ከሆነ ዋጋውን ትቆርጣለች፤ በሙጫ የተጣበቀውን ጭራሽ አትቀበልም። ያለችውን ገበያው ይቀበላታል፣ እሷም ትንሽ ትኮራበታለች።

አንድ የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን አሰጋሽ የምትባል ሴት ከዶካ መጣች። ለአጫጆች ምግብ ታበስላለች፤ ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፣ መልኳ ቀላ ያለ ነው። ከነጠላዋ ውስጥ አውራ ዶሮ የተሳለበት ጆግ አወጣች። ልትሸጠው አይደለም። መተማ ያሉት እናቷ እማማ ዙፋን፣ «አባትሽ ጎንደር የነበረ ጣልያን ነው፣ ሲሄድ ዕቃ ትቶልኛል» እያሉ አሳድገዋታል፤ ጆጉን ግን በዓይኗ ያየችው በቅርቡ አውጥተው ሲሰጧት ነው። ሰዉ ደግሞ ዕድሜ ልኳን «አባቷን እናቷም አያውቁትም» ሲል ኖሯል። አንድ የሚያውቅ ሰው ቁርጡን እንዲነግራት ፈለገች፣ ሌላ ምንም አልፈለገች።

ባሕሪያ ጆጉን ገለበጠችው። ሸክላው ርጥበቱን መጠጠ፣ ሥዕሉም የእጅ ነው። ሥሩ ላይ በብሩሽ የተጻፉ ሁለት ምልክቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ላይ እንደ ተከፈተ ምንቃር። በዐረብ አጻጻፍ ሰባት ቁጥር እንዲያ ነው። ባሕሪያ ደግሞ ቁጥር የተማረችው ከሱዳን ገበያ ነው፤ የፈረንጅ ፊደል በዞረበት አልዞረችም። የተሠራበት ዓመት መሰላት።

«እትዬ አሰጋሽ፣ ዕቃው የጣልያን ነው። ግን የሰባ ሰባት ሥራ ነው» አለቻት።

በሰባ ሰባት ጣልያን ከጎንደር ከወጣ ስንት ዘመኑ! አሰጋሽ ጆጉን እዚያው ትታ ወጣች፤ ብትጠራትም አልተመለሰችም። ኋላ እንደተሰማው፣ በመኪና ረዳት አፍ ለእናቷ «ውሸትሽን ደርሼበታለሁ» ብላ ላከች። ከዚያ ወዲያ መተማን አልረገጠችም።

ባሕሪያ የሰው ዕቃ ነው ብላ ጆጉን መደርደሪያ ላይ አቆየችው። በዓመቱ ኢሀብ የሚባል አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ የካርቱም ነጋዴ መጣና ዓይኑ እሱ ላይ አረፈ። አይሸጥም፣ ደግሞም የሰባ ሰባት ነው አለችው። ገልብጦ አየና ሳቀ። ቁጥር አይደለም፣ የፈረንጅ ፊደል ነው፣ የሳለው ሰው የስሙ መነሻ ነው፤ የዚህን ሰው እጅ አውቀዋለሁ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ሠዓሊ ነው አላት። የሱቋን የዓመት ኪራይ የሚችል ዋጋም ጠራላት። ወይ ጉድ! ዋጋውን የሰማችውም አይመስልም። እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

በማግስቱ ጆጉን በፎጣ ጠቅልላ በአውቶቡስ ዶካ ወረደች። አሰጋሽን ገንፎ ስታማስል አገኘቻትና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«አባትሽ ለመስጠቱ ዕቃው ምስክር አይሆንም» አለቻት። «እናትሽ ዋሽተዋል ያሰኘሽ ግን የእኔ ስህተት ነው።»

አሰጋሽ ማማሰያውን ጣለች። «አንቺ ነሽ ያልሽው፣ እናቴን አንቺው ንገሪያት» አለች።

በጋላባት አድርገው የዚያኑ ቀን መተማ ገቡ። እማማ ዙፋን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ራቅ ብላ ቆመች። ባሕሪያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ስለ ምልክቱ፣ ስለ ሰባቱ፣ ስለ ፊደሉ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አዛውንቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ጆጉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና የዶሮውን አናት ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሥሩን አልገለበጡም።

«ሰባ ሰባት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺማ ምን አጠፋሽ፣ አታውቂኝ» አሉ እማማ ዙፋን። «እሷ ግን ታውቀኛለች።»

አሰጋሽ ሰማች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።