ሁለቱ የፊኛ ኮዶች

ኦክላንድ በሚገኝ የራጅ ክሊኒክ የክፍያ መጠየቂያ (ቢሊንግ) ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሊንዳ ወፍራሙን የኮድ መጽሐፍ አስታቀፈችኝና ጥግ ያለውን ዴስክ አሳየችኝ። ማንም የማይፈልገው ዴስክ ነበር፤ የኩላሊት፣ የሽንት ቧንቧና የፊኛ ፎቶ። የተሠራውን አንብቤ ኮድ እሰጣለሁ፤ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በኮዱ ነው።

ቸርች ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ክሊኒክ፣ ኦፊስ ውስጥ» እል ነበር። ሽንት የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ወረቀት ላይ ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። 74430 ፊኛው በመድኃኒት ተሞልቶ የሚነሳ ፎቶ ነው። 74455 ደግሞ ሰውየው እየሸና የሚነሳ። ሁለቱን አምታትቼ አላውቅም።

ከዚያ ትዕግሥት መጣች። በዲቪ የገባች፣ ከሄይዋርድ በባቡር የምትመላለስ ልጅ ናት። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ብዙም ሳትቆይ ሐኪሞቹ በስሟ ይጠሯት ጀመር፤ እኔ «ጥግ ያለችው» ነበርኩ። ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ሲሰማ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። ለሳንሆዜው ቅርንጫፍ የቢሊንግ ኃላፊ ሲፈለግ ሁለታችንም አመለከትን። እንደዚያ ቦታ የፈለግሁት ነገር የለም።

በዚያው ሳምንት የራጅ ባለሙያው 74455 የታዘዘበትን ወረቀት ይዞ መጣ። ታካሚዋ አንዲት የሀገራችን እናት ናቸው። ፊኛቸው ተሞልቷል፤ ሰው ፊት ግን አልሸናም ብለዋል። ላልተሠራ ነገር ኮድ አይሰጥም። 74455ን ሰርዤ 74430 ጻፍኩ። ትክክል ነበርኩ።

ትዕግሥት ከአጠገቤ ሆና ሰማች። ሴትዮዋ ገና እዚያው መሆናቸውን ጠይቃው ተከትላው ሄደች። ወንዶቹን አስወጥታ፣ ሴት ባለሙያ አስጠርታ፣ መጋረጃ ጋርዳ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተችላቸው። «እማማ፣ እኔም ፊቴን አዞራለሁ» አለቻቸው።

ተመልሳ አጠገቤ ቆመች።

«አስቱዬ፣ ኮዱን ቼንጅ አድርጊው። ሸንተዋል።»

ሴትዮዋ ልብሳቸውን ለብሰው ሊመርቋት ቢሯችን ድረስ መጡ። መርቀው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺም ሀበሻ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

ሊንዳ ይህን ሁሉ ቆማ ታይ ነበር። ሳንሆዜን ትዕግሥት አገኘች፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ከጥጉ ዴስክ አልተነሳሁም። ዛሬም ስሟ ሲነሳ ደረቴን ይወጋኛል።

አዲስ ለምትገቡ ኮደሮች፦ ኮድ የሚሰጠው ለተሠራ ሥራ ነው። እኔ አለመሠራቱን በትክክል ጻፍኩ። እሷ ሄዳ አሠራችው።