የኳየሩ ጋውን እና የማይቸኩለው ማድረቂያ

«አጎቴ፣ ያንን በር ደግመው ቢከፍቱት ከላውንደሪዬ አስወጣዎታለሁ!» አለችኝ ዛሬ የእህቴ ልጅ ማርታ። ያውም ደንበኛ ፊት!

ጥፋቴ አዲሱን የልብስ ማድረቂያዋን እየከፈትኩ ልብሱን መዳበስ ነው። ለብ ብሎ አገኘሁትና «ተሸውደሻል፣ ይኼ ማሽን ልብስ ያባብላል እንጂ አያደርቅም» አልኳት።

ውስጡ ያለው የኳየር ጋውን ነው። ውጭ ዝናብ ነው፣ ኳየሩ የሚዘምርበት ሰርግ ሊጀመር ነው፣ የኳየሩ መሪ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ባለፈው አሮጌው ማሽን ጋውናቸውን አኮማትሮባታል። ዛሬም ከተበላሸ ደንበኝነታቸው አበቃ።

አዲሱ ሂት ፓምፕ የሚሉት ነው። ሙቀቱን ወደ ውጭ ሳይለቅ መልሶ ይጠቀምበታል። መብራት ይቆጥባል፣ ልብስ አይጎዳም። ግን ውድ ነው፣ ደግሞም ቀስ ብሎ ነው የሚያደርቀው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚወጣ ይብስ ይዘገያል። ለካ ያዘገየሁት እኔው ነኝ!

እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። (ለእኔ ከባድ ሥራ ነው።)

ጋውኖቹ ደርቀው ሲወጡ አንድም የተኮማተረ የለም። መሪው ታቅፏቸው ባጃጅ ውስጥ ገባና «ማርቲ፣ የእሁዱንም አንቺ ጋ ነው የማመጣው!» ብሎ ጮኸ።

ማርታ ሳቀች። ከዚያ ወንበሬን ቀምታኝ ዘፍ አለች፤ ምን ያህል እንዳስጨነቅኳት የገባኝ ያኔ ነው።

እናንተስ፣ ልረዳ ብላችሁ ሰው ያስጨነቃችሁበት ቀን የለም? ብቻዬን አታስቀሩኝ፣ ንገሩኝ።