ማማው ላይ ጸጥታ ይከበር

ደሳለኝ በጥቅምት ማሽላው ወተት ሲይዝ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ይወጣል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይወርዳል። ቀወት ውስጥ በጩኸት እሱን የሚያህል የለም። «ሃይ፣ ሃይ» ብሎ ይጀምርና ማሽላ የምትበላውን የግሪሳ ወፍ እናት፣ አያቷንና የነፍስ አባቷን ሳይቀር እያነሣ በስድብ ይሞልጫታል። ከጎኑ ያለውን ማሳ የሚጠብቀው ሱፍዋን፣ «አንተ ሰውዬ፣ የዚች ወፍ ዘመድ አያልቅም እንዴ?» እያለ ይስቅበታል።

አምና ዝናቡ ስላጠረ ጎተራው ባዶ ነው። ዘንድሮ ቤተሰቡን የሚያከርመው ይህ ማሽላ ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ ነጭ መኪና ማሳው ዳር ቆመ። ከካሜራ ያዥና ከድምፅ ቀራጭ ጋር ከመኪናው የወረደችው ጋዜጠኛ ሮማን ትባላለች፤ የመጣችው ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ባህል ብቻ ከሚያወራ የመንግሥት ቴሌቪዥን ነው። ጣቢያው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ክፉዎች ግን ሁለቱንም የሚያዳምጠው የጣቢያው ዘበኛ ብቻ ነው ይላሉ።

«ጋሼ ደሳለኝ፣ የእርስዎ ጩኸት እኮ ቃላዊ ቅርስ ነው» አለችው።

ደሳለኝ ጩኸቱ ጉሮሮ እንደሚያቆስል እንጂ ቅርስ መሆኑን ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ደስ አለው። ደብረ ሲና ያሉት የሚንቁት አማቾቹ በቴሌቪዥን ሲያዩት ታየውና ሚስቱን ፈለቀችን የክት ሸሚዙን አስመጣት።

ሮማን ማማው ሥር ቆማ ማይክ ያዘች። ድምፅ ቀራጩ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ መግቢያው እስኪቀረጽ ዝም ይበሉልን።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ሁለቱ ደቂቃ ረዘመ። አንዴ ከአውራ ጎዳናው የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ አንዴ ሮማን ቃል ጠፋት፣ አንዴ የካሜራው ባትሪ አለቀ። አምስተኛው ሙከራ ላይ «ለዘመናት የዘለቀው የሰውና የተፈጥሮ ትግል» ስትል፣ ተፈጥሮ ከወንዙ በኩል እንደ ደመና መጥታ የማሳውን ታችኛ ጥግ መልቀም ጀመረች። ደሳለኝ ወንጭፉን ጨብጦ ትንፋሹን ዋጠ።

«ግሩም ነው። አሁን ደግሞ በኦሮምኛ» አለች ሮማን።

«ወንድሜ፣» አለ ሱፍዋን ከወዲያ፣ «አንተን በሁለት ቋንቋ ዝም አሰኙህ፤ ለወፎቹስ የሚተረጉምላቸው ማን ነው?»

ድምፅ ቀራጩ እሱንም በእጁ ዝም አሰኘው።

ፈለቀች ማማው ሥር መጣች። «አንተ፣ ማሽላው አለቀ እኮ።»

«ዝም በይ፣ እየተቀረጽን ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ልጆቹ ክረምቱን ቅርስ ሊበሉ ነው?»

ደሳለኝ ቁልቁል አየ። ማለዳ በፍሬ ከብደው አንገታቸውን የደፉት የማሽላ ራሶች አሁን ቀልለው ቀጥ ብለዋል። አማቾቹ ከዓይኑ ጠፉ። ድንገት ተነሥቶ ጮኸ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ጣለ። ግሪሳው በአንድ ጊዜ ተነሣና ሰማዩን አጨለመው፤ ካሜራ ያዡም ሰውየውን ትቶ ወፉን ተከተለ።

«ጋሼ፣ ድንቅ ነበር፤» አለች ሮማን፣ «ስድቡን ግን ማስተላለፍ አንችልም። እሱን ትተው አንድ ጊዜ ይድገሙልን?»

«ልጄ፣ ሳልሰድባቸው አይሄዱም።»

«ሄደዋል እኮ። ለካሜራው ብቻ ነው።»

«ለካሜራው የምሰድበው ነገር የለኝም» አለና ፊቱን ወደ ማሳው መለሰ። ሮማን ምስሉ እንዲታይ መፍቀዱን የሚፈርምበት ወረቀት ይዛ፣ እስኪወርድ ከመሰላሉ ሥር ጠበቀች። አልወረደም።

ዝግጅቱ ከአሥር ቀን በኋላ እሑድ ከሰዓት ተላለፈ። ደሳለኝ ማማው ላይ ስለነበር ያየችው ፈለቀች ናት፤ ጀውሃ ካለ ምግብ ቤት አይታ መክሰሱን ይዛለት ማማው ሥር መጣች።

«ታየ?»

«ታየ። ወፎቹ አምረዋል። ዋሽንት ተነፍቶላቸዋል።»

«እኔስ?»

«አንተ የለህበትም።»

ደሳለኝ መክሰሱን ተቀበላት። «ማሽላውስ?»

«እሱማ ሲበላ ይታያል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ።»