ውጤቱ ለእኔ ይነገር

የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያኔ ጎረቤቶቼ ውሃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ሲጥሉ አይቻለሁ። ባሌን ቀብሬ አንዲት ልጄን በልብስ ስፌት ያሳደግሁት በዚያው ዘመን ነው። ብዙ ነገር የሚያስፈራኝ አይመስለኝም ነበር።

አምና ግን ኃይሌ ጋርመንት አደባባይ ታክሲ ልይዝ ቆሜ የቤቴ ሰፈር ጠፋኝ። ረዳቶቹ "ለቡ! ለቡ!" እያሉ ይጣራሉ፤ እኔ ቃሉን እየሰማሁ ሰፈሬ መሆኑን አላውቅም። ለልጄ ደወልኩላት፤ መጥታ ወሰደችኝ። በማግስቱ የስፌት ሱቄን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣች።

"እማዬ፣ ይበቃሻል። አሁን አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ።

ደንግጬ ስለነበር ቁልፉን ተውኩላት። ቆርጬ ያስቀመጥኩትን የደንበኞች ጨርቅ ሳልሰፋ ሁለት ሳምንት ቴሌቪዥን ፊት ተጎለትኩ።

የመድኃኒት ቀኔ ሲደርስ ጤና ጣቢያ አብራኝ ሄደች። ሲስተሯ ዕድሜያችን ከገፋ ታካሚዎች ለጥናት ደም እየወሰዱ እንደሆነ ነገረችን። ቫይረሱ በመድኃኒት ቢታፈንም ሰውነት ውስጥ የሚቀር ብግነት፣ ማለትም የውስጥ መቆጣት፣ አለ፤ አእምሮን እየጎዳ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ደም ውስጥ ይፈልጋሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ ይወሰድላት አለችና ውጤቱ እንዲደወልላት ስልኳን ማስመዝገብ ጀመረች።

"ሲስተር፣ ደሙ የእኔ ነው" አልኩ። "ውጤቱም ለእኔ ይነገር። ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ።"

ልጄ አንገቷን ደፋች። ሲስተሯ የእሷን ቁጥር ሰርዛ የእኔን ጻፈች። ቀጥላ የማስታወስ ችሎታዬን ለመፈተን አምስት ቃላት ነገረችኝና ቆይቼ እንድደግማቸው ጠየቀችኝ። ሦስቱን አስታወስኩ። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውጤቱ ሲደርስ ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ምልክቱ ከፍ ማለቱን አልደበቀኝም። የደም ግፊቴም ሊያባብሰው ስለሚችል የግፊት መድኃኒት ጨመረልኝ።

"ዶክተር፣ ውጤቱ መቼ ሁሉንም እንደምረሳ ይናገራል?" አልኩት።

"አይናገርም፤ እሱን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ሥራዎን ግን አይተዉ" አለኝ።

ቤት ገብቼ አንዱንም ሳልደብቅ ለልጄ ነገርኳት። አለቀሰች። አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቅኋትና ቁልፉን ስጪኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ።

አሁን ልኬት በቃሌ መያዝ ትቼ እያንዳንዱን ጨርቁ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ሰጠኋት። ፊቷ ላይ ያለውን ጥርጣሬ አየሁት። ይቅርታ ጠይቄ፣ እዚያው እያየችኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።