መድኃኒቱ መጣ

ሰፈሩ የጭስ ረጪውን እውነተኛ ስም ከረሳው ቆይቷል። የመርጫ ማሽኑን አዝሎ ከማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሲወርድ ልጆች «መድኃኒቱ መጣ» እያሉ ይሮጣሉ። ነጩ ጭስ ቦዩን ሞልቶ ሲወጣ ደግሞ ከኋላው እየተጋፉ ይገቡበታል።

ስሙን ያመጣው ራሱ ነው። ሥራውን ሲጀምር «የትንኝ መርዝ ልንረጭ ነው» እያለ በር ያንኳኳ ነበር፤ በሩ ሁሉ ፊቱ ላይ ይዘጋል። ካቦው ጆሮው ስር ጠጋ ብሎ፣ መርዝ ለሚል ሰው የሚከፈት በር የለም አለው። ከዚያ ወዲህ «መድኃኒት ነው እናቴ፣ መድኃኒት ነው» ሆነ ቃሉ። ውሸት ነው እንዳይባል፣ የራስ ምታቱም የአይጡም መድኃኒት መድኃኒት ነው። የራስ ቅል ሥዕሉ የተለጠፈው ጀርባውን በሚነካው በኩል ስለሆነ፣ ማሽኑ ከታዘለ በኋላ የሚያየው የለም።

በገዛ ቃሉ መታሰሩን ያወቀው ዘንድሮ፣ በእናቱ መስኮት ሥር ሲያልፍ ነው። እናቱ ሳል ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። ቀና ሲል መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሻሿን ከአንገቷ አላልታ፣ ጭሱን በአፍ በአፍንጫዋ ስትስብ አያት። ሮጦ ገብቶ መስኮቱን ሊዘጋ ቢል እጁን ያዘችው። ለሰው ሁሉ እየሰጠህ ለእናትህ ትሰስታለህ ወይ አለችው።

ትንኝ የምታመጣው ትኩሳት በሰፈሩ ሲበረታ ስብሰባ ተጠራ። አንዲት የሰፈሩ መምህርት ተነሥታ፣ ጭሱ የሚገድለው የሚበረውን ነው፣ በውሃው ውስጥ ያለው እጭ ነገ ክንፍ ያወጣል፤ ቦዩ ይጠረግ፣ በርሜሎች ይከደኑ፣ የጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች ይነሡ አለች። ጎሚስታው ጎማዎቼን ራሴ ላይ ልሸከማቸው ወይ ብሎ፣ ጭሱ እንዲጨመር ጠየቀ። አንዲት ሴት ደግሞ ቧንቧው ሲያሻው ብቻ እያስነጠሰ በርሜሌን እንደ ድስት ስከድን ስከፍት ልዋል እንዴ አለች። ይህ ሁሉ ሲባል ሰዉ አንገቱንና ቁርጭምጭሚቱን በጥፊ ይላል። ከኋላ አንዱ፣ ስብሰባውን የምትመራው ትንኟ ናት፣ እኛማ እያጨበጨብንላት ነው ብሎ አሳቀ።

ሰብሳቢው ዞር አለ። «እስቲ ባለሙያው አለልን። ወንድም መድኃኒቱ፣ ሰው ይጎዳል አይጎዳም?»

ተነሣ። ከኋላው ካቦው ተቀምጧል፤ ቅጥሩ የሚታደሰው በካቦው ቃል ነው። ከፊቱ እናቱ አንገቷን አዙራ፣ የልጇን ንግግር ልትሰማ ፈገግ ብላለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

«በመመሪያው መሠረት ከተረጨ አይጎዳም» አለ።

ተጨበጨበ። መምህርቷ መመሪያው ምን ይላል ብላ ልትጠይቅ እጇን ብታወጣም፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። የቦዩ ጉዳይ ይጠና፣ ጭሱ ግን ከእንግዲህ በየቤቱ ውስጥ ይግባ ተብሎ ተወሰነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የእናቱ ተራ የደረሰ ዕለት ካቦው በሩ ላይ ቆመ። ጎረቤቶች በየደጃቸው ተራ ይጠብቃሉ። እናቱ ቤቷን ጠርጋ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ነይ ውጪ» አላት።

«ለምን ብዬ?»

ካቦው እንዳይሰማ ጎንበስ አለ። «መርዝ ነው።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «በአዳራሹ አይጎዳም ያለው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የትኛችሁን ልመን? መርዝ ቢሆን ይህን ሁሉ ዘመን ታዝለዋለህ? እኔ እንዲህ ያለ ቂል አልወለድኩም።»

«መድኃኒቱ፣ ምን ያስቆይሃል?» አለ ካቦው ከውጭ።

ክንዷን ይዞ ሊያነሣት ሞከረ። የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ እንደ ሕፃን ልትጎትተኝ ነው ብላ ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። የአፍ መሸፈኛውን ከራሱ ላይ ፈትቶ አሰረላት። ያፍነኛል ብላ በጣቷ ወደ አገጯ አወረደችው። ካቦው አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቷል።

ገመዱን ሳበ። ማሽኑ እንደ እሷው ሳል ሳል አለና ተነሣ። አፈሙዙን የቻለውን ያህል ከእሷ አርቆ ወደ ቤቱ ጥግ አዞረው፤ ጭሱ ግን ግድግዳውን ገጭቶ ተመለሰ።

«ጥጉ እኮ አላመመውም ልጄ» አለች እናቱ፣ ሻሿን እያላላች። «ወደኔ አዙረው።»