ኡምሱናይ ያልጠራችው ሸለቆ

ኡምሱናይ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ በግ ጥበቃ የገባች፣ ተራራ ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ ያለቀ የተራራማው የናሪን አገር ሴት ናት። የግጦሽ ኮሚቴው ስልክ ሰጥቶ ሳሩን ተከታተይ ሲላት እምቢ አላለችም፤ እምቢ ማለት መቼ ለምዳ። በፈረስ ወጥታ የተራቆተውን መሬት ፎቶ ታነሳለች፣ ስልኩ ራሱ ቦታውን ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለእሷ የሚቀራት ከተደረደሩት ስሞች የሸለቆውን መርጣ መንካት ብቻ ነው።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከሁሉም የተጎዳው ሸለቆ የሚጠራው በሟቹ አማቷ፣ በባሏ አባት በካልሙርዛ ስም ነው። በአገሩ ወግ ደግሞ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። "የሽማግሌው ሸለቆ" እያለች ኖራለች። ጣቷም እንደ አፏ አፈረ፤ ሁልጊዜ "ሌላ" የሚለውን ነክታ ታልፋለች።

በግንቦት፣ መንጋው የሚወጣበትን ቀን ለመቁረጥ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ቱርዱበክ ካርታውን አሳይቶ፣ በካልሙርዛ ስም የገባ የተራቆተ መሬት መረጃ አንድም ስለሌለ በጎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጡ አለ። ኡምሱናይ ግን ቁልቁለቱን ታውቀዋለች። ያ ቁልቁለት ዘንድሮም በሰኮና ከተረገጠ አፈሩ ተንዶ ምንጩን ይደፍነዋል። የባሏ እናት ሳይካል ከባልቴቶቹ መሃል ተቀምጠው ያዩዋታል።

ተነሳች። "መረጃው አለ። 'ሌላ' ውስጥ ነው የከተትኩት።"

"የትኛው ሸለቆ ነው እሱ?"

"የሽማግሌው።"

"እዚህ አገር ሽማግሌ ያልረገጠው ሸለቆ የታለ፣ እህቴ?" አለ ቱርዱበክ። ወንዶቹ ሳቁ። የትኛው እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ግን የእሱም መንጋ ብዙ ነው።

ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም ነበር።

"ካልሙርዛ" አለች። "የካልሙርዛ ሸለቆ ነው። ነጥቦቹን ክፈትና ራስህ እየው።"

ቱርዱበክ "ሌላ" የሚለውን ነካ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ባዶ መሬት፣ የተሰነጠቀ ቁልቁለት። ሸለቆው ዘንድሮ ይረፍ ተባለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርሱ ሳይካል ወደ ኡምሱናይ ዞሩ።

"ጮክ ብለሽ በስማቸው ጠራሻቸው" አሉ።

"አዎ፣ አፓ" አለች፣ እናቴ ለማለት። "እርስዎ ከተቆጡኝም ይቆጡኝ።"

"እኔ ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አንድ ቀን በስማቸው አልጠራኋቸውም።" ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ለጆሮ ደስ ይላል ለካ። ነገ ስትወጪ የእኔን ፈረስ ውሰጂ፤ ያንቺው ያነክሳል።"

በማግስቱ ወጣች። ጉልበቷን እንደ ወትሮው አመማት። ከምንጩ በላይ ፎቶ አነሳችና፣ ከስሞቹ መሃል ያንን ስም ፈልጋ ነካችው።