በጣት የጠራሁት መካኒክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከደሴ የተነሳው ሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከማንም ጋር አላወራሁም። ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ፋይል ውስጥ ዲግሪዬና የቅጥር ደብዳቤዬ ነበሩ። ደብዳቤው «የሽመና ክፍል የፈረቃ ተቆጣጣሪ» ይላል። ከሃያ በላይ ሰው ልመራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የጠየቅኩበት ቀን ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካችን የሽመና አዳራሽ ውስጥ የሰው ድምፅ አይሰማም። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲመቱ፣ ጆሮ ሥር ካልጮኹ በቀር መነጋገር የለም። ስለዚህ ሠራተኛው በእጁ ያወራል። ጡጫ ማለት ማሽኑን አቁሚ ነው። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ድር ተበጥሷል ማለት ነው። መዳፍ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ፣ ደክሟታል ተኪያት። አመልካች ጣት ታጥፎ ሲሳብ ደግሞ፣ ነይ።

ይህን ያስተማረችኝ ዘሀራ ናት፤ እኩያዬ የሆነች የማሽን ኦፕሬተር። ደስ አለኝ። መጮህ የማይጠበቅብኝ ሥራ ያገኘሁ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ማሽን ቆመ። የፈረቃው መካኒክ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ። ከአዳራሹ ማዶ ቆመው ያዩኛል። ጣቴን አጥፌ ሳብኩ። ደገምኩት። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ መፍቻቸውን ኪሳቸው ከተቱና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዘሀራ ሄዳ አመጣቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠራቸው አይዞሩም። የፈረቃ ርክክብ ላይ ስናገር በመስኮት ውጪ ያያሉ። ማሽን ያቆሙበትን ደቂቃ የሚሞሉበትን ቅጽ ባዶውን ይመልሱልኛል። አንድ ቀን ከአዳራሹ ውጪ ርክክብ ላይ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሽ ይማም፣ ቅጹን ለምን አይሞሉልኝም?» አልኳቸው።

«ልጅቷ ራሷ መጻፍ ትችል የለ እንዴ» አሉ። ያሉት ግን ለእኔ አይደለም፤ አጠገቤ ለቆመችው ለዘሀራ ነው። የፈረቃው ልጆች ሳቁ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደረጀ መፍትሔ ነበራቸው። «ከእሱ ጋር አፍ አትካፈቺ። በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አድርጊው። ሦስተኛው ላይ ይሰናበታል፣ ትገላገያለሽ።»

ለእንደኔ ዓይነት ዓይን አፋር ደብዳቤ የሚመች ነገር ነው። የመጀመሪያውን «በተቆጣጣሪ ሲጠሩ ባለመምጣትዎ» ብዬ ጻፍኩና መሣሪያ ሳጥናቸው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ሁለተኛውንም እንደዚያው ጽፌ በሰው ላክሁት። ሦስተኛው ቅጹን ባለመሙላት ነበር። ተጽፎ፣ ፊርማዬን ብቻ እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ለጡረታ አንድ ዓመት ከምናምን ቀርቷቸዋል።

ዘሀራ የፈቃድ ወረቀት ልታስፈርም ስትገባ ደብዳቤው ላይ ስማቸውን አየች።

«ሦስተኛው ነው?»

«አዎ።»

«ወላሂ አንቺ ክፉ አይደለሽም። ግን እንደ ውሻ ጠርተሻቸው ይመጣሉ ብለሽ ነው?»

«መቼ ነው እንደ ውሻ የጠራኋቸው?»

ጣቷን አጥፋ ሳበችው። «ይሄ የእኛ የእኩዮች ነው። እሳቸውን በጣት የሚጠራ እዚህ ቤት የለም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ሄዶ ትከሻቸውን ነክቶ ነው።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አለቃ ነሻ! ደሞ መች ታዋሪናለሽ? ሰላም ብለሽን ሽው ወደ ቢሮሽ።»

ታላቅ ሰው በጣት እንደማይጠራ ቤተሰቦቼ ሳያስተምሩኝ ቀርተው አይደለም። ደሴ መንገድ ላይ አድርጌው አላውቅም። አዳራሹ የራሱ ቋንቋ ስላለው የውጪው ደንብ በር ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ አቶ ደረጀ ዘንድ ገባሁና እንደማልፈርም ነገርኳቸው።

«አሁን ተለሳለስሽለት? ነገ ሁሉም ይንቅሻል።»

«ሁለቱን የጻፍኩት ስጠራቸው አልመጡም ብዬ ነው። አጠራሬ ስድብ ነበር።»

«ቅጹስ? ቅጹን የከለከለው ያንቺ ጣት ነው?»

«ስለ ቅጹ አነጋግራቸዋለሁ» አልኩ። «እስከ ዓርብ ካልሞላ እኔ እፈርማለሁ» አሉና ደብዳቤውን ተቀበሉኝ።

ለብቻቸው ሳገኛቸው ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ለእኔ የሚቀለው እሱ ነው። ጣቴን ያየው ግን አዳራሹ በሙሉ ነው። በማግስቱ ማሽኑ ሁሉ እየሠራ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ሄድኩ። ተንበርክከው ብሎን ያጠብቃሉ። ትከሻቸውን ነካሁ። ዞሩ። አመልካች ጣቴን አጥፌ አሳየኋቸውና፣ በሌላው እጄ ጨብጬ ሸፍኜው ጎንበስ አልኩ። ፊቴ ይነዳል። ልጆቹ ሁሉ ያዩናል።

ጋሽ ይማም እጃቸውን በጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳረፉ፤ ደክሟታል፣ ተኪያት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በእረፍት ሰዓት ከፋብሪካው ግንብ ጥግ፣ የሰው ድምፅ ከሚሰማበት ቦታ ተቀመጥን። «አብሽሪ፣ አልፏል» አሉኝ። «ቅጹን ግን አልሞላም።»

«ለምን?» አልኩና እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው። እስከዚያ ቀን እንደዚያ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ ወቀሳ ነበር።

«ወረቀትሽ ስንት ደቂቃ አቆምክ ነው የሚለኝ። ለምን አቆምክ አይለኝም። እኔ መዳፌን ማሽኑ ላይ አስደግፌ፣ ንዝረቱ ሲለወጥብኝ ሳይሰበር ነው የማቆመው። ወረቀቱ ላይ ሰነፉ እኔ ነኝ። እስኪሰበር ዝም ብሎ የሚያየው ጎበዝ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቢሮ ገብቼ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመርኩና «ምክንያት» ብዬ ጻፍኩበት። ሐሙስ ቅጹ ተሞልቶ መጣ፦ «ዘጠኝ ቁጥር። ተንቀጠቀጠ። ብሎን ላልቷል። ጠብቋል።»

ዓርብ ጠዋት አቶ ደረጀ ፊት አስቀመጥኩት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይቺን ዓምድ ለሌሎቹም ፈረቃዎች አድርጊ» አሉ፤ ሦስተኛውን ደብዳቤ ቀደው ጣሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከጋሽ ይማም ፋይል አልወጡም። ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ አንዴ የገባ አይወጣም ተባልኩ።

ጋሽ ይማም አምና ጡረታ ወጡ። እስከ መጨረሻው ቀን ቀላል ሰው አልነበሩም፤ የጆሮ መከላከያ አድርጉ ስላቸው ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ትከሻቸውን ስነካ ግን ይዞሩ ነበር።

አሁን አዲስ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የእጅ ምልክቶቹን የማስተምረው እኔ ነኝ። የታጠፈው ጣት ላይ ስደርስ ለማን እንደማይሆን አብሬ እናገራለሁ። ሠራተኛ ስጠራው አልመጣ ካለኝም፣ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት እንዴት እንደጠራሁት ሄጄ እጠይቃለሁ።